ካርድ ያላወጡ ታካሚዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ «በጤና ጣቢያና በሰፈር ክሊኒክ የምትሠሩ ሁሉ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ስለ ታካሚዎቻችሁ ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ሰውነት ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ደብዳቤዎቹ የመጡት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ መንገድና ከለገጣፎ ነው። ከመሐል ከተማ አንድም አልደረሰኝም። ምክንያቱን እገምታለሁ። በከተማው ዳር ሰዉ ቀድሞ ይገባል፤ ውሃው፣ መንገዱና ጤና ጣቢያው ከኋላ ይከተላሉ። በአገራችን አወቃቀር አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ያህል እንዲያገለግል ታስቧል። ኮንዶሚኒየሙ ሞልቶ ዙሪያው በግል ቤት ሲከበብ ይህን ቁጥር የሚጠብቀው ማን ነው? ትርፉን የሚሸከሙት እዚያ ተቀጥረው የሚሠሩት ናቸው።

እኔም የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በዚያው በዳር ነው። ከአቃቂ ወዲያ ባሉ ክሊኒኮች የብርጭቆ ሲሪንጅ ቀቅዬ፣ የደነዘዘ መርፌ በድንጋይ ስዬ የጀመርኩ ነርስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ ቃሊቲ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ደብዳቤዎቹ አላስደነገጡኝም። ያናደደኝ ሌላ ነው። የጻፉልኝ ሁሉ ታመዋል፤ አብዛኞቹም መድኃኒት ወስደዋል፤ ካርድ ያወጣ ግን አንድም የለም። «ኮሪደር ላይ ጓደኛዬን ጠየቅኋት»፣ «የፋርማሲው ልጅ ሰጠኝ»፣ «ራሴን በራሴ ወጋሁ»። ለታካሚ ካርድ ካልወጣለት የማይነኩ ሰዎች፣ የራሳቸውን በሽታ በጋዋን ኪስ ይዘው ይዞራሉ።

ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጫለሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ስማቸውንና የሚሠሩበትን ቦታ ትቻለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ነርስ

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በጤና ጣቢያ መርፌ ክፍል የምሠራ የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ወር በፊት፣ ዓርብ ወደ ማምሻው፣ የተጠቀምኩበትን መርፌ ልጥል ስል ሴፍቲ ቦክሱ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ገፋ አድርጌ ላስገባ ስሞክር ከውስጥ የነበረ ሌላ መርፌ ጓንቱን አልፎ ጣቴን ወጋኝ። የማን መርፌ እንደሆነ አላውቅም። ደሙን ጨምቄ አወጣሁ፣ በአልኮል አሸሁት። የኤአርቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት) ክፍሏ ነርስ ወጥታ ስለነበር ሰኞ እነግራታለሁ ብዬ ሄድኩ። ሰኞ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴም አያውቅም። የስምንት ወር ልጅ አጠባለሁ። ላብራቶሪ ያሉት ሁሉ ጓደኞቼ ስለሆኑ ውጤቴን እንዲያዩት አልፈልግም። ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም። ጡት ማጥባት ላቁም?»

ልጄ፣ ሳትመረመሪ ጡት አታቁሚ። መጀመሪያ ምርመራው፣ ከዚያ ውሳኔው። ምርመራውም ለሚቀጥለው ሳምንት የሚተው አይደለም፤ ይህን ባነበብሽ ማግስት ነው።

ጭንቀትሽን በልኩ ለማድረግ ጥቂት ቁጥር ልስጥሽ። ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው ደም ጋር በተነካካ መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች ውስጥ ቫይረሱ የሚተላለፍባቸው 3 ያህል ናቸው። ያንቺ መርፌ ደግሞ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ዕድሉ ከዚያም ያነሰ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንቺ በደብዳቤሽ ስሙን እንኳ ያላነሳሽው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ያልተከተበ ሰው ይህ ቫይረስ ባለበት መርፌ ከተወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሕዝቡ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይላል፤ አብዛኛው የሄፓታይተስ ቢ ተሸካሚ ግን ዓይኑ ቢጫ አይሆንም፣ ራሱም አያውቅም። መርፌ ክፍል የምትሠራ ነርስ ከሁሉ አስቀድማ መፍራት ያለባት ይህንን ነው።

ያለፈውን ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። መርፌ ሲወጋ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ ብቻ ነው፤ አይጨመቅም፣ በአልኮልና በበረኪና አይታሽም፤ ሥጋውን ያቆስላል እንጂ የሚጨምረው ጥቅም የለም። ከዚያ በቀጥታ ለተረኛው ማሳወቅ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ፣ ፔፕ የምንለው፣ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጀመርም፤ የሚወሰደውም 28 ቀን ነው። ዓርብ ማታ የተወጋ ሰው እስከ ሰኞ ማታ ጊዜ አለው ማለት ነው፤ ግን ዓርብ ማታውኑ የሚከፈት ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል እያለ እስከ ሰኞ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። የኤአርቲ ክፍል ቁልፍ ከአንዲት ነርስ ጋር ወደ ቤት የሚሄድበት ጤና ጣቢያም ካለ፣ ኃላፊው ይህን አንብቦ ቁልፉን ለተረኛ ክፍል ይስጥ። የመጀመሪያው የፔፕ እንክብል ዓርብም እሑድም ተረኛ እጅ ላይ መገኘት አለበት።

ወዳንቺ ልመለስ። ለፔፕ ዘግይተሻል፤ ለምርመራ ግን አልዘገየሽም። የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ አሁን ታደርጊያለሽ፤ በሁለት ወር ነጻ ከሆነ እጅግ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሦስት ወር ሲሞላ ደግመሽ ትቋጪዋለሽ። እስከዚያ ከባለቤትሽ ጋር ኮንዶም ተጠቀሙ፣ ደም አትለግሺ። የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራም አብሮ ይሠራልሽ፤ እነዚህ በስድስተኛው ወር ይደገማሉ። የቢ ምርመራው ነጻ ከሆነና ካልተከተብሽ፣ ክትባቱን ያኔውኑ ጀምሪ፤ ሦስት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። በአገራችን ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአንድ መርፌ ከሚሰጡት አምስት ክትባቶች አንዱ ሆኖ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አንቺ ከዚያ በፊት ስለተወለድሽ በልጅነቴ ተከትቤያለሁ ብለሽ አትተማመኚ። ልጅሽ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንቱ ተከትቦ ከሆነ ከዚህ በሽታ የራሱ ጋሻ አለው፤ ሄፓታይተስ ቢም ጡት ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ጡቱን እንደገና የሚያስጠይቀው ኤች አይ ቪ ከተገኘ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከሐኪም ጋር ትነጋገሪበታለሽ እንጂ ሌሊት ብቻሽን አትወስኚም።

በጓደኞች ላብራቶሪ መመርመር አልፈልግም ማለትሽ ትክክል ነው። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ ግን አንድ ማስቀመጫ ላይ ምሳ የሚያስቀምጡ ሰዎች ፊት ያለውን ስሜት በግዴታ መሸፈን አይቻልም። አንድ ታክሲ ተሳፍረሽ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሠራተኛ ነኝ ሳትዪ ተሰልፈሽ ካርድ አውጪ። አንድ ነገር ግን ከራስሽ ጤና ጣቢያ አያልፍም፦ አደጋው መመዝገብ አለበት። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት በሕግ መብት የሚያስገኘው ወረቀት ሲኖር ነው። ዘግይቶም ቢሆን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሴፍቲ ቦክሱ ሞልቶ እንደነበር ጽፈሽ ለኃላፊው በፊርማ ስጪ፤ ቅጂውን አስቀሪ። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ተብሎ ለታካሚ ይለጠፋል። ከማስታወቂያው ሥር ቆመሽ መርፌ የምትሰጪው አንቺ ነሽ።

ስለ ሴፍቲ ቦክሱ ደግሞ፦ ከአራት እጅ ሦስቱ ሲሞላ ይዘጋል፣ ይነሳል፣ አዲስ ይቀርባል። መሙላቱን መጠበቅ ካርቶን መቆጠብ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ትርፍ ካርቶን ከሌለ መርፌ መስጠት ይቆማል፤ ይህን ለመናገር ነርስ ማንንም ማስፈቀድ የለባትም። ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ዛሬውኑ ንገሪው። ለሁለት ወር ብቻሽን የተሸከምሽው እንቅልፍ ማጣት ለሁለት ቢከፈል ቅር የሚለው ሰው አይመስለኝም።

ከኮዬ ፈጬ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ

«ሲስተር፣ ሥራዬ ቤት ለቤት ነው። ሊፍት የሌላቸውን ሕንፃዎች ስወጣና ስወርድ እውላለሁ። መንገድ ላይ መጸዳጃ ስለሌለ፣ ሰው ቤት ገብቼ መጠየቅም ስለማፍር ጠዋት ሻይም ውሃም ሳልጠጣ ነው የምወጣው። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የሽንት ማቃጠል ይይዘኛል። ምልክቱን ስለማውቀው ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከጤና ጣቢያው እወስዳለሁ፣ ይተወኛል። አሁን ያስቸገረኝ ግን ተረከዜ ነው። ከተረከዙ ከፍ ብሎ ከኋላ በኩል ያመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ይብሳል፣ ጠዋት አብጦ ይታያል። ዲክሎፌናክ፣ የሕመም ማስታገሻውን፣ ተወጋሁ፣ ለትንሽ ቀን ተሻለኝ። የእግር ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት።»

እህቴ፣ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ጻፍሽልኝ፤ አንድ ሊሆኑ ግን ይችላሉ።

ሲፕሮፍሎክሳሲንና የዘመዶቹ መድኃኒቶች ጅማትን እንደሚጎዱ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. በእነዚህ መድኃኒቶች ማሸጊያ ላይ ከሁሉ ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ከጅማቶች ሁሉ የሚመርጡት ደግሞ የባትን ሥጋ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ጅማት ነው፤ አንቺ ያልሽው ቦታ ላይ ያለውን። ሕመሙ መድኃኒቱ በተጀመረ በቀናት፣ አንዳንዴም ካቆሙት ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ጅማቱ ድንገት እስከ መበጠስም ይደርሳል። ይህን ሳላይሽ ነው የማለት ድፍረት የለኝም፤ ደረጃ መውጣቱ ብቻውንም ይህን ጅማት ያሳምማል። ግን የሲፕሮ ታሪክሽን ሳይሰማ ተረከዝሽን የሚያይ ሐኪም ግማሹን ነው የሚያየው። ካርድ ቢኖርሽ ኖሮ ሦስቱም አራቱም የሲፕሮ ቀኖች እዚያ ላይ ተጽፈው ይገኙ ነበር፤ አሁን ግን ያሉት በጭንቅላትሽ ውስጥ ብቻ ነው።

እስከምትታዪ ድረስ ሲፕሮ የሚባል አትቅመሺ፤ ለተቅማጥም ቢሆን። በዚያ እግር ደረጃ ከመውጣት፣ ከመዝለልና ጅማቱን ከመሳብ ታቀቢ፤ ለኃላፊሽ ይህን በጽሑፍ አሳውቀሽ የምድር ቤቶቹን ብቻ ይስጡሽ። ድንገት ከኋላ በዱላ የተመታሽ ያህል ተሰምቶሽ በጣቶችሽ መቆም ካቃተሽ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ሕመሙ በተረከዝሽ ሥር፣ ጠዋት ከአልጋ ስትነሺ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ብቻ የሚሰማሽ ቢሆን ሌላ ነገር እልሽ ነበር፤ ያ የውስጥ እግር ሽፋን መቆጣት ነው፤ በአብዛኛው በጫማና በመለጠጥ ይድናል። ያንቺ ከኋላና ከፍ ብሎ ነው።

ወደ ሽንቱ። በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በግምት የሚታከም አይደለም፤ መድኃኒት ሳይጀመር የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙንና የሚገድለውን መድኃኒት የሚለይ ምርመራ፣ ይሠራለታል። የደም ስኳርም ይለካል፤ የሚመላለስ ኢንፌክሽን አንዳንድ ጊዜ ያልታወቀ ስኳር መኖሩን ይናገራልና። የወር አበባ የዘገየ ከሆነ የእርግዝና ምርመራም አይቀርም፤ ሲፕሮ ለነፍሰ ጡር አይመረጥም። የሚያቃጥለው ነገር ሁሉ ኢንፌክሽን እንዳልሆነም ታውቂያለሽ፤ አሥር ሰዓት ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ሽንትም ያቃጥላል። ደግሞ የጤና ሠራተኛ ሰውነት ውስጥ የሚገኙ ጀርሞች መድኃኒት የለመዱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሲፕሮ «ተወኝ» ማለትሽ ብዙ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን በራሱ የሚተውበት ጊዜም አለ።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር ባለሙያዎቹ በብዛት ሴቶች እንደሚሆኑ የታወቀ ነበር። ለሴት ቀኑን ሙሉ የእግር ሥራ ሰጥቶ የት ትሽናለች ብሎ የሚጠይቅ አለመገኘቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ይህ ነውር አይደለም፤ የሥራ ቦታ ጉዳይ ነው። በምትጎበኚው ሰፈር ካሉት እናቶች መካከል ሁለት ሦስቱን ምረጪና «በየጉብኝቴ መጸዳጃ ቤታችሁን እጠቀማለሁ» ብለሽ ቀድመሽ ተነጋገሪ። ስለ መጸዳጃ ቤት ንጽሕና እያስተማርሻቸው ለአንቺ በር የሚዘጋ አይመስለኝም። ውሃ ይዘሽ ውጪ፣ በየሦስት ሰዓቱ ሳይመጣሽም ሽኚ፣ ከግንኙነት በኋላም እንዲሁ። ዲክሎፌናክንም ተይው። ውሃ ባልጠጣ ሰውነት ላይ ደጋግሞ መውጋት ኩላሊትን ይጎዳል፤ ባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ጨጓራን።

ከቡራዩ፣ የአዋላጅ ነርስ ባለቤት

«ለሲስተር። ባለቤቴ በጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ትሠራለች። ድሮ ከዱቲ ስትመጣ ስለ ወለዱት እናቶች እያወራች ነበር ቁርስ የምትበላው። ከመስከረም ወዲህ አታወራም። አንዲት እናት ወልዳ ደም ፈሷት፣ አምቡላንስ ዘግይቶ፣ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው። ባለቤቴ አብራት ነበረች። ከዚያ በኋላ ሪፖርት ጽፋለች፣ ስብሰባ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ያለፈ የጠየቃት የለም። አሁን በልጆቹ ላይ ትጮሃለች፣ ሌሊት ትባንናለች፣ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ‹እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም› ትላለች። እናቴ ፀበል እንውሰዳት ብላለች። ጎረቤቶች ደግሞ ግፊት ለክታልን፣ ልጄን እይልኝ እያሉ በእረፍቷ ቀን በር ያንኳኳሉ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ባለቤትዎን በደንብ ተመልክተዋታል፤ ብዙ ባል «ጠባይዋ ተለወጠ» ብሎ ነው የሚጽፍልኝ።

ሁለት ነገር ተደራርቦባት ይሆናል። አንደኛው የሥራ መዛል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ይህን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስገብቶታል፤ ሦስት መልክ አለው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ማማረር፣ እና «አልሆንም» የሚል ስሜት። ሦስተኛውን ራሷ ተናግራዋለች። ይህ ብቻ ቢሆን እረፍት፣ የተራ ማስተካከያና የክፍል ለውጥ ብዙ ይረዱ ነበር። መባነኑ፣ በስልክ ድምፅ መደንገጡ፣ ስለዚያ ሌሊት አለማውራቱ ግን ሁለተኛውን ያሳየኛል፦ ያየችው ሞት ሰውነቷ ውስጥ እንዳለ ነው። ወራት ስላለፉትም በራሱ እስኪለቅ አይጠበቅም። ይህ ሕክምና ያለው ነገር ነው፤ በንግግርም በመድኃኒትም።

ስለዚህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ታያት። አማኑኤል ሲባል በሰፈር የሚወራውን አውቃለሁ፤ እሷም ነርስ ስለሆነች ከማንም ይልቅ ትሸማቀቃለች። በጳውሎስና በዘውዲቱ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ፤ ስሙ ካስቸገራት እዚያ ትሂድ። ሆስፒታል ድረስ መሄድ ካልቻለችም፣ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ያለበት ጤና ጣቢያ ይፈልጉላት፤ የምትሠራበት እንዳይሆን እንጂ። ፀበሉን አልቃወምም፤ እናትዎ በፍቅር ነው የተናገሩት። አብሮ ይሂድ። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ግን ለፀበል ብላ እንዳታቋርጥ።

አንድ ጥያቄ ዛሬ ማታ ይጠይቋት፤ በቀጥታ፦ «መሞት የተሻለ ነው ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ያመጣል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ተሳስተዋል። አዎ ካለችዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብቻዋን አይተዋት፣ በዚያው ቀን ይውሰዷት። የማዋለጃ ክፍል ሰው እጅ የሚደርስበትን መድኃኒት እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

የእናትየዋን ሞት በተመለከተ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይወስዳል፤ አምቡላንስ የሚዘገይበት የዳር ሰፈር ላይ ደግሞ የአዋላጇ እጅ ብቻውን ሊያስቆመው የማይችልበት ጊዜ አለ። የእናቶች ሞት ሲገመገም ዓላማው የዘገየውን ነገር ማግኘት ነው፤ ጥፋተኛ መፈለጊያ አይደለም። ስብሰባው እንደ ችሎት ሆኖ ተሰምቷት ከሆነ፣ አብረዋት ከነበሩት አንዷን ቡና ይጥሩላትና ያ ሌሊት እንዴት እንደነበር ሁለቱ ይነጋገሩ። እርስዎ መሐላቸው ገብተው አያጽናኑ፤ ቡናውን ያፍሉና ልጆቹን ይዘው ይውጡ።

ጎረቤቶቹን ለእኔ ይተዉልኝ ማለት እፈልጋለሁ፤ እኔም ቤት ይመጣሉና። ከበር ላይ የሚመልሳቸው ሰው እርስዎ ይሁኑ። «ዛሬ አርፋለች፤ ጤና ጣቢያው ክፍት ነው» ይበሉ። ቅር የሚለው ይበለው። ከሌሊት ዱቲ የመጣች ቀን ደግሞ ክፍሉን አጨልመው፣ ስልኳን ዘግተው እንድትተኛ ያድርጉ፤ ስለ ቤት ወጪና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት የሚነጋገሩት ተኝታ ከተነሳች በኋላ ነው።

ከሰበታ መንገድ፣ ጤና መኮንን

«ተመላላሽ ክፍል እሠራለሁ። ሳል ከያዘኝ አንድ ወር ሊሞላ ነው። የመንገዱ አቧራ ይመስለኛል። አሞክሳሲሊን ወስጃለሁ። ማስክ ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ኪሎዬ ትንሽ ቀንሷል፣ ጾም ላይ ስለሆንኩ ነው። የሚታዘዝ ሽሮፕ ካለ...»

ወንድሜ፣ የለም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ላለው ታካሚ የምታዘውን ታውቃለህ፤ ራስህን ለምን ከሱ አሳነስከው? አቧራውን አምናለሁ፣ ጾሙንም አከብራለሁ። አክታህን ግን ነገ ጠዋት ስጥ፤ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ በዚያው ቀን ሊደርስ ይችላል። ሌሊት ያልብህ እንደሆነም አልጻፍክልኝም፤ ለሚያይህ ሰው ንገረው። እስከዚያ ተመላላሽ ክፍሉን ለሌላ ሰው ልቀቅ።

የምታደርገው ማስክ ሰማያዊው ከሆነ ከአንተ ሳል ሌላውን ይጠብቃል እንጂ ከታካሚው ሳል አንተን አይጠብቅም። አየር የሚያጣራውና ፊት ላይ የሚጠብቀው ኤን 95 ነው፤ ጢም ካለህ እሱም አይገጥምም። ወንበርህን ደግሞ አዙረው። አየሩ በመስኮት ገብቶ መጀመሪያ አንተን፣ ቀጥሎ ታካሚውን አልፎ በበሩ ይውጣ። በብዙ ጤና ጣቢያ ታካሚው መስኮቱ ሥር፣ ባለሙያው በሩ ጋ ተቀምጦ ነው የማየው፤ ለመነሳት ይመቻል ተብሎ። ቤትህ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ ቲቢ ከተገኘብህ እሱም ይመርመር፤ ሕመሙ ባይኖርበትም መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ ይድናል።

ከለገጣፎ፣ በግል ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ

(ደብዳቤውን ያጻፉት በልጃቸው ነው።) «በረኪና ስጠቀም ደረቴን ያፍነኛል፣ እጄ ይሰነጣጠቃል። ቶሎ እንዲያጸዳ ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ቀላቅለሽ ተጠቀሚ ተብያለሁ። ደግሞ ባለፈው ቆሻሻ ስሰበስብ መርፌ ወጋኝ። አንቺ የጤና ባለሙያ አይደለሽም፣ አይመለከትሽም ተባልኩ።»

እህቴ፣ በረኪናና አሲድ ከዛሬ ጀምሮ አይቀላቅሉ። ከሁለቱ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፤ በተዘጋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። ያዘዘዎት ሰው ራሱ ገብቶ ይሞክረው። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና ደም ለፈሰሰበት ቦታ አንድ ጣሳ በዘጠኝ ጣሳ ውሃ፣ ለተራ ወለልና ጠረጴዛ ደግሞ አንድ ጣሳ በ49 ጣሳ ውሃ ይበጥብጡት፤ በየቀኑ አዲስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ መስኮት ተከፍቶ። ወፍራም የላስቲክ ጓንት ያድርጉ፤ ነርሶቹ የሚጠቀሙበት ስሱ ጓንት ለእርስዎ ሥራ አይሆንም። ጓንቱን ሲያወልቁ እጅዎን ታጥበው ቫዝሊን ይቀቡ። መስኮት ተከፍቶም ማፈኑ ከቀጠለ ሐኪም ሳንባዎን ይስማው፤ በረኪና አስም ያስነሳል።

መርፌው የወጋዎት ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ከሆነ አሁኑኑ ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ካለፈም ከላይ ለቱሉ ዲምቷ ልጄ የጻፍኩትን ልጅዎ ያንብብልዎት፤ ምርመራውም ክትባቱም ለእርስዎ እኩል ነው። መርፌው የሚመርጠው ባለሙያ የለም።

«አይመለከትሽም» ያለዎት ሰው ሕጉን አላነበበም። በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሠራተኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ከሥራ ለሚመጣ በሽታ አሠሪው የሕክምናውን ወጪ እንዲሸፍን ያዛል። ጉዳቱ ለጊዜው ከሥራ ካስቀረዎት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝዎ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዝዎ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለስድስት ወራት ከግማሽ ያላነሰ ይከፈልዎታል። ስለ መርፌው ቀን፣ ስለ ቦታውና ስላየው ሰው ልጅዎ ደብዳቤ ይጻፍልዎትና ለክሊኒኩ ያስገቡ፤ አልቀበልም ካሉ የሠራተኛ ጉዳይን ለሚመለከተው የከተማው መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። የሕክምና ካርድዎን ቅጂም አብረው ያያይዙ።